ባዶዋ መቆንጠጫ

እዝራ ከተቀበረ ልክ ሁለት ሳምንት በሞላው ሰኞ ጠዋት፣ እህቱ ሉሊት የማተሚያ ቤቱን የቆርቆሮ በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። በሩ ድሮም ያስቸግራል። እዝራ በሕይወት ሳለ "ይቺ በር ዘበኛ አያስፈልጋትም፤ ሌባውን ታግላ ነው የምትመልሰው" እያለ ይቀልድባት ነበር። ሉሊት ትከሻዋን እያሻሸች ይህን አስታወሰችና በሩን መልሳ ገፍታ ዘጋችው።

ማተሚያ ቤት ይባል እንጂ ትልቅ ነገር አልነበረም። እዝራ ገርጂ ባለው የእናታቸው ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ግድግዳ አፍርሶ አንድ ያደረጋቸው ናቸው። በአንዱ ጥግ ማተሚያ ማሽኑ፣ በሌላው በእጅ የሚሠራ የወረቀት መቁረጫ፣ መሀል ላይ ረጅም ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው በላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽቦ ተወጥሯል፤ ሽቦው ላይ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫዎች ተሰልፈዋል። ልብስ ግን ተሰጥቶበት አያውቅም። እዝራ የየደንበኛውን ሥራ በቡኒ ፖስታ አድርጎ የሚሰቅለው እዚያ ላይ ነበር።

አሁን ሽቦው ራቁቱን ነው። ፖስታዎቹ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላይ ተቆልለው፣ በላስቲክ ታስረው፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል።

ይህን ያደረጉት አጎታቸው ጋሽ ገሰሰ ናቸው። የለቅሶው ሰሞን ድንኳኑ ሲሞላ እድሩ አግዳሚዎቹን ወደ ማተሚያ ቤቱም አስገብቶ ነበር። ሰው እየገባ ሲቀመጥ ፖስታዎቹ ጭንቅላት ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ይነካሉ፣ ይወድቃሉ። ጋሽ ገሰሰ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ የተዝረከረከ ወረቀት ሲያዩ እንደ ታመመ ልጅ ያሳዝናቸዋል። ከሐዘንተኛው መሀል ተነሥተው ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አወረዱ፤ ፊታቸው ላይ የተጻፈውን ሥራው የገባበትን ቀን እያዩ ደረደሩ፤ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸውም ቁጥር ሰጧቸው። ሲጨርሱ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ለሟቹ ሊያደርጉለት የቻሉት ያንን ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፈው አርብ ጋሽ ገሰሰ ቤተሰቡን ሰብስበው "ማሽን ባለቤቱ ሲሞት ብረት ነው። ሳይዝግ መሸጥ ነው" አሉ። ገዢም አግኝተዋል፤ ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጥቶ ያየዋል፣ ከተስማማም ጭኖት ይሄዳል። የእዝራ እናት ወይዘሮ ውባንቺ "ልጄ ቃል የገባላቸው ሰዎችስ?" ብለው ጠየቁ። 

ያኔ ነው ሉሊት "አንድ ሳምንት ስጡኝ" ያለችው። ለምን እንዳለችው እሷም አታውቅም። ሥራዋ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለ የጉዞ ወኪል ቢሮ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥ ነው፤ ስለ ኅትመት የምታውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ልትበላ ስትመጣ ወንድሟን እያበሸቀች ያየችውን ብቻ ነው። ብቻ አለችው። እዝራ የተቀበላቸው አሥራ አንድ ሥራዎች እስከ አርብ ማታ ታትመው ለባለቤቶቻቸው ከተዘጋጁ ማሽኑ ይቆያል፤ እሷና ጋሽ ሀሩን ይቀጥሉበታል። አንድም ሥራ ከቀረ፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ብረቱ ይሄዳል። ጋሽ ገሰሰ ተስማሙ። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሰኞ ከየካ አባዶ በንጋት ታክሲ መጣች።

ጋሽ ሀሩን ከእዝራ ጋር ዘጠኝ ዓመት የሠሩ የማሽን ሰው ናቸው። እጃቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ጥቂት። ሰላምታ ተለዋወጡና "አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ" አሏት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ሰባተኛቸው ሳይሆን አይቀርም።

"በየትኛው እንጀምር?" አሉ።

"በቅደም ተከተሉ ነዋ ጋሽ ሀሩን። አንድ ቁጥር።"

ጋሽ ሀሩን ፖስታውን አዩ፣ ሉሊትን አዩ፣ በመስኮቱ ወደ ዋናው ቤት አዩ። ከዚያ "እሺ" ብለው የጥቁሩን ቀለም ቆርቆሮ ከፈቱ።

አንድ ቁጥር የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የመዝሙር ደብተር ነበር፤ በጥቁር ቀለም ብቻ። ማሽኑ ተነሣ፣ ክፍሉ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀቱ አንዱ ሌላውን እያሳደደ ወጣ። ሉሊት ልቧ ሞላ። ይሄ ነው እንዴ? በአራት ሰዓት ተኩል አለቀ።

ሁለት ቁጥር የማር ማሸጊያ መለያ ነበር። ቢጫ።

ጋሽ ሀሩን ነጭ ጋዝና ጨርቅ አመጡ። ያ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያትመው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያንከባልሉት ሮለሮች ሁሉ መታጠብ አለባቸው። አጠቡ። ጨርቁ ጥቁር ሆነ። በሌላ ጨርቅ አጠቡ። እሱም ጥቁር ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ አጠቡና ቢጫውን ጨመሩ፤ የመጀመሪያዎቹ መለያዎች ወጡ።

ጋሽ ሀሩን አንዱን ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩት። "ይሄ ማር አይደለም" አሉ። "የሞተር ዘይት ነው።"

እንደገና ታጠበ። ማሩ ማር የመሰለው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ታትሞ ያለቀው ደግሞ ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ ያኔ ሦስት ቁጥር ተራው ደረሰ፤ የመድኃኒት ቤት ፖስታ፣ ሰማያዊ። ሮለሩ ታጥቦ ሰማያዊው ከገባ በኋላ ሉሊት የሚቀጥለውን ተመለከተች። አራት ቁጥር የአንድ አትላስ ያለ ካፌ የምግብ ዝርዝር ነው፤ እንደገና ቢጫ። አምስት ቁጥር ጥቁር። ስድስት ቁጥር ቀይ። ክፍሉ በጋዝ ሽታ ታፍኗል። በሁለት ቀን ያለቀው ሁለት ሥራ ብቻ ነው።

"ጋሽ ሀሩን፣ ማሽኑ ዛሬ ለስንት ሰዓት አተመ?"

"ማተሙንስ ተይው" አሉ ጣታቸውን እየጠረጉ። "ከለቅሶው ወዲህ አታሚ መሆኔ ቀርቶ ልብስ አጣቢ ሆኛለሁ።"

በዚያው ምሽት አንድ ደንበኛ መጣች። ናዲያ ትባላለች፤ በርበሬና ሽሮ አሽጋ ለሱቆች ታከፋፍላለች፤ አፏ እንደ በርበሬዋ ነው። ሉሊትን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ዓይኗን ጠርጋ "በርበሬዬ እርቃኑን ተቀምጧል፤ መለያዬ መቼ ነው?" አለች።

"ሰባተኛ ነሽ።"

"ሰባተኛ? እዝራ እኮ አርብ ብሎኝ ነበር። ያለፉትን ለለቅሶው ብዬ ትቻቸዋለሁ፤ የዚህን ሳምንት አርብ ግን እጠብቃለሁ።"

"አርብ... እንግዲህ እንሞክራለን።"

ናዲያ ፊቷን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አይዞሽ የኔ እህት። እሱ አርብ ካለ አርብ ነው። አንድ ቀን አሳልፎብኝ አያውቅም" አለችና ሄደች። ሉሊት ወደ ቤቷ ስትመለስ በታክሲው መስኮት ጨለማውን እያየች ይህን ነገር ስታመነዥከው አመሸች። አንድ ቀን አሳልፎባት አያውቅም። በዚህ ማሽን? እንዴት አድርጎ?

ረቡዕ ጠዋት ቀድማ ደረሰች። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ምንም ሳታስብ ሽቦውን ቀና ብላ አየችው። ፖስታ ሲንጠለጠልበት የማይታይ ነገር አሁን ታያት። መቆንጠጫዎቹ ጫፋቸው ላይ ቀለም ተነክሮባቸዋል። ከግራ ጀምሮ አራቱ ቢጫ። ቀጥሎ ሦስቱ ቀይ። ቀጥሎ ሁለት ሰማያዊ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጥቁር።

ወረደችና ወንበር ስባ ወጣችበት። በብሩሽ የተቀባ አልነበረም። ጣት ነው። በመጀመሪያው ቢጫ ላይ የአውራ ጣት መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

ሆስፒታል አስከሬኑን ሲገንዙ አይታዋለች ያንን አውራ ጣት። ጥፍሩ ሥር ቢጫ ቀለም ነበረ። በሳሙና ታሸ፣ በሞቀ ውኃ ታሸ፤ አልለቀቀም። "ተዉት" ብላ ነበር ያኔ፤ "እንዲሁ ይሂድ።" አሁን ወንበሩ ላይ ቆማ የራሷን አውራ ጣት በእንጨቱ ላይ አስቀመጠች። የእሱ ይሰፋል።

ጋሽ ሀሩን ሲገቡ እዚያው ቆማ አገኟት።

"ጋሽ ሀሩን፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሲቀየር ስንት ጊዜ ይታጠባል?"

"አንዴ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቢጫ ቢቀር ቀዩ ይውጠዋል።"

"ከቀይ ወደ ሰማያዊስ?"

"እሱም ብዙ አያስቸግርም።"

"ከጥቁር ወደ ቢጫስ?"

ጋሽ ሀሩን ሳቅ አሉ። "ሰኞ አየሽው አይደል?"

"ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን ዝም አሉኝ?"

ጋሽ ሀሩን ካፖርታቸውን በዝግታ ሰቀሉ። "ልጄ፣ እዝራ ሲያቀብለኝ አትማለሁ፤ ሽቦው የሱ ነው፣ ማንንም አያስነካም ነበር። ጋሽ ገሰሰ እንባቸውን እየጠረጉ ደረደሩት፤ አይቻቸዋለሁ። በለቅሶ ቤት ሽማግሌን 'ተሳስተዋል' ልበል? አንቺም መጥተሽ 'በቅደም ተከተሉ' አልሽ። ምናልባት ቤተሰቡ ተመካክሮ ይሆናል ብዬ አጠብኩ። ብትጠይቂኝ እኮ እናገር ነበር።"

ሉሊት ከወንበሩ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ሁለት ቀን ሙሉ ሦስት ሰው ለአንድ ሟች ክብር ሲል ሮለር ሲያጥብ ሰነበተ።

ላስቲኩን ፈትታ የቀሩትን ዘጠኝ ፖስታዎች በቀለም ለየቻቸው። ቢጫ ሦስት፣ ቀይ ሦስት፣ ሰማያዊ ሁለት፣ ጥቁር አንድ። ካለቁት ከጥቁሩ መዝሙርና ከቢጫው ማር ጋር ሲደመር ከመቆንጠጫዎቹ ጋር ልክ ይገጥማል። ሁለት ቀለም ያላቸው ሥራዎች በፈዛዛው ቀለም ይጀምራሉ፤ እሱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ቀለማቸው ይሻገራሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልገጠመም። ሽቦው ላይ አሥራ ሁለት መቆንጠጫ ነው ያለው። በሰማያዊዎቹና በጥቁሮቹ መካከል አንዷ ምንም ቀለም አልነካትም፤ ነጭ እንጨት ናት። ፖስታዎቹ አሥራ አንድ ናቸው።

ጋሽ ገሰሰ ረፋድ ላይ ጋዜጣቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ፖስታዎቹ ሽቦው ላይ እንደገና ተሰቅለው አገኟቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። "ይሄ ምንድነው? አራት ቁጥር ከሦስት ቁጥር ይቀድማል እንዴ? ዘጠኝ ቁጥርስ እዚህ ፊት ምን ይሠራል?"

"ጋሼ፣ በቀለም ነው የሚኬደው።"

"በቀለም! ሰውየው አስቀድሞ መጥቶ ቆሞ፣ ትናንት የመጣው በቀለሙ ምክንያት ይለፈው? ወረፋ ወረፋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሚኒስትርም ቢመጣ ከወረፋ አላሳለፍኩም።"

"ጋሽ ገሰሰ" አሉ ጋሽ ሀሩን ከማሽኑ ኋላ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተቃወሟቸው፤ "ማሽኗ መዝገብ ቤት አልሠራችም።"

"አንተ ደግሞ ዛሬ አፍ አወጣህ?"

ሉሊት ሦስት ቁጥርን፣ የመድኃኒት ቤቱን ሰማያዊ፣ ከሽቦው አወረደችና ክዳኑን ገልጣ አሳየቻቸው። ከውስጥ በኩል በእዝራ የተንጋደደ ጽሑፍ አንድ ቃል አለ። ዓርብ። ከቢጫዎቹ አንዱን ገለጠች። ረቡዕ። የሠርግ መጥሪያውን ገለጠች፤ አዶኒያስና ሮሃ የሚባሉ ሙሽሮች፣ ቀይ። ሐሙስ። ሁሉም እንደዚያ ነው። ቢጫ ብቻ የሆነው ሁሉ ከረቡዕ አያልፍም፣ ቀይ ብቻ የሆነው ሐሙስ፣ ከሰማያዊ ጀምሮ ያለውና ባለ ሁለት ቀለሙ ዓርብ።

"ማንንም አላሳለፈም ጋሼ። ሲቀበላቸው ነው የየቀለማቸውን ቀን የነገራቸው። ወረፋው ይሄ ነው።"

ጋሽ ገሰሰ ፖስታውን ተቀብለው ክዳኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊት ለፊቱን ብቻ ነበር ያነበቡት፤ መዝገብ ቤት ቀን የሚጻፈው ከፊት ነው። "ከውስጥ አልገለጥኩም" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ባዶዋን መቆንጠጫ አዩና ፊታቸው ተለወጠ። "ይቺኛዋስ?"

"እኔም ልጠይቅዎት ነበር። ያወረዱት አሥራ አንድ ነው?"

"አሥራ አንድ..." ቆም አሉ። "አሥራ አንድ ይመስለኛል። መሬት የወደቁም ነበሩ፤ ሰው እያነሣ ያቀብለኝ ነበር። የንፍሮ ሳህን ይዞራል፣ ሰው ይገባል ይወጣል... ሉሊት፣ አንዱን ጥዬው ይሆን እንዴ?"

 ቀኑን ሙሉ ቢጫው ሲታተም ጋሽ ገሰሰ በጉልበታቸው ተንበርክከው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከወረቀት ቁልሉ ኋላ፣ ከእድሩ አግዳሚዎች መካከል ፈለጉ። ሉሊት ግድ የሌላት መስላ ብትሠራም በየመሀሉ ባዶዋን መቆንጠጫ ቀና ብላ ታያለች። አንድ ሰው የሆነ ቦታ እዝራን አምኖ ቀኑን እየጠበቀ ነው። ስሙን አታውቅ፣ ቀለሙን አታውቅ። ቀለሙን ሳይቀባው ነው የሞተው ማለት ነው።

በዚያ ቀን ግን ሦስቱም ቢጫዎች አለቁ። በአሥር ሰዓት ጋሽ ሀሩን ሮለሩን በአንድ ጨርቅ፣ በሩብ ሰዓት አጥበው ቀዩን ሲጨምሩ፣ ሉሊት ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን አይታ ሳታስበው አጨበጨበች።

ሐሙስ ጠዋት የሠርጉ መጥሪያ ወጣ። የናዲያ የበርበሬ መለያ ቀዩ ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ በአራት ሰዓት፣ ማሽኑ እንደ ሰው ተነፈሰና ቆመ። መብራት ጠፋ።

አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ጋሽ ሀሩን ቀለሙ እንዳይደርቅ ሮለሩን ጠርገው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሉሊት ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለች። ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር፤ የባለ ሁለት ቀለሞቹም ጥቁር ገና አለ። አንድ ቀን ተኩል ነው የቀረው፤ እሱም እየተበላ ነው።

ያኔ የዋናው ቤት በር ተከፈተና ወይዘሮ ውባንቺ በጥቁር ነጠላቸው ወጡ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ወደዚያ ክፍል እግራቸውን አላነሡም ነበር። ደፉ ላይ ቆሙ።

"ማሽኑ ምነው ዝም አለ?"

"መብራት ሄዶ ነው እማዬ።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁን እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ሲቆም ነቃሁ።" ገቡና ዙሪያውን አዩ። "ይሄ ወረቀት ዝም ብሎ ይቀመጣል? በእጅ የሚሠራ የለም?"

ነበረ። የትናንቱ ቢጫ ደርቋል፤ መቆረጥ፣ መቆጠር፣ መታጠፍ አለበት፤ የመዝሙር ደብተሩም አልተሰፋም። መቁረጫው በእጅ ነው፣ መብራት አይጠይቅም። ጋሽ ሀሩን ተነሥተው መቁረጫውን ያዙ። ወይዘሮ ውባንቺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ማጠፍ ጀመሩ፤ ጋሽ ገሰሰ ከፍለጋቸው ተጠርተው መጥተው በሃምሳ በሃምሳ ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳቱም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጠርዙን አስተካክዪ እንጂ" አሏቸው እህታቸውን።

"አንተ ቁጠር። እኔ የዚያን ልጅ ሽንት ጨርቅ ሳጥፍ የት ነበርክ?"

ጋሽ ሀሩን ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ሉሊትም ሳቀች። እናቷ አልሳቁም፤ ግን እጃቸው ፈጠነ። ጥቂት ቆይተው ቀና ሲሉ ሽቦውን አዩ። ተነሡ። የመጀመሪያውን ቢጫ መቆንጠጫ ቀረብ ብለው አዩትና ጣታቸውን ሳያስነኩ እንደ ቆሙ "ጣቱ ናት" አሉ።  ተመልሰው ተቀምጠው ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

በዘጠኝ ሰዓት አምፖሉ ብልጭ አለ። ማሽኑ ተነሣ። እስከዚያ የታተመው ተቆጥሮና ታጥፎ ስላለቀ፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ያትማል፣ እነሱ የደረቀውን እየተከተሉ ይቆርጣሉ፣ ያጥፋሉ። ቀዩ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ዓርብ ጠዋት ሰማያዊ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ ጥቁር፤ የናዲያ መለያ ላይ የበርበሬው ስም፣ የካፌው ዝርዝር ላይ የምግቡ ስም። በአሥራ አንድ ሰዓት፣ መስኮቱ ላይ ገና ወርቃማ ብርሃን ሳለ፣ ጋሽ ሀሩን እጃቸውን ሰደው የማሽኑን ማጥፊያ ተጫኑ።

ዝምታው ጆሮ ያደነቁራል።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሉሊት አሥራ አንዱን ጥቅሎች በዓይኗ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ወረቀት ክምር ላይ ተቀመጠች። ደክሟታል፤ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለላት። ጋሽ ገሰሰ ግን አልተቀመጡም። ባዶዋን መቆንጠጫ እያዩ ቆመዋል።

"አሥራ ሁለተኛው" አሉ። "አሥራ ሁለተኛውን ሰው ምን እንለዋለን?"

ናዲያ የገባችው በዚህ መሀል ነው። መለያዋን አንሥታ ሳመችው። "አላልኳችሁም? ዓርብ ካለ ዓርብ ነው!" ከዚያ ሽማግሌው የሚያዩትን አይታ "እሷን ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታዩአት?" አለች።

"የጠፋ ሥራ አለ" አለች ሉሊት። "የማን እንደሆነ አናውቅም።"

"የቷ? ነጯ?" ናዲያ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። "ይቅርታ። እሷ እኮ ሁሌም ባዶ ናት። ለረመዳን ሰሞን ድንገት ሥራ ይዤ መጥቼ 'ይቺ ክፍት ናት፣ እዚህ ስቀልልኝ' ብዬ ስጨቀጭቀው፣ 'አይሆንም፣ ተይዛለች' አለኝ። 'በማን?' ብለው፣ 'በእንግዳ' አለኝ። 'ስሙን አላውቀውም፣ ግን በየሳምንቱ ሳይጠራ ይመጣል። አንዳንዴ መብራት ይሆናል፣ አንዳንዴ ለቅሶ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዳንቺ ያለ ጨቅጫቃ። ቦታ ካላስቀመጥኩለት የሌላውን ሰው ቀን ይቀማብኛል' አለኝ። ለሱ አንድ ግማሽ ቀን ይተዋል፤ ሳምንቱ በሰላም ካለፈ ያኔ ነው ለኔ የሚሰጠኝ።"



"ስለዚህ የጠፋ የለም" አሉ ጋሽ ገሰሰ።

"ምን ይጠፋል? ትናንት መብራት ጠፍቶ አልነበር? እንግዳው መጥቶ ሄዷል።"

ጋሽ ገሰሰ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከሦስት ቀን ጀምሮ ጉልበታቸው ላይ ያለውን አቧራ አሁን ገና አራገፉት። ሉሊት ግን መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ድምፅ ወጣት፤ ጋሽ ሀሩን የምታለቅስ መስሏቸው ደንግጠው ተነሡ። እየሳቀች ነበር። እንባዋም ይወርዳል፤ ግን ሳቅ ነው። "እንዳንቺ ያለ ጨቅጫቃ!" ትላለች፤ ደግማ ትስቃለች። ልክ እሱ የሚለው ነገር ነው። ድምፁን ሰማችው። ከሞተ ወዲህ ያልሰማችው አዲስ ቃል ከአፉ እንደ ወጣ ያህል ነበር።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ገዢው የጭነት መኪና ይዞ ግቢው በር ላይ ቆመ። በሩን የከፈቱለት ጋሽ ገሰሰ ናቸው፤ ሸሚዛቸው በብረት የተተኮሰ፣ ክራቫት ያሠሩ።

"ማሽኑን ላየው ነበር የመጣሁት" አለ ሰውየው። ከግቢው ውስጥ የሚያጓራው ማሽን ድምፁን ዋጠበት።

"ምን አሉኝ?"

"ማሽኑን!"

"ሥራ ላይ ነው" አሉ ጋሽ ገሰሰ። "ሌላም ቀን ቢመጡ ሥራ ላይ ነው። ስላደከምንዎት ይቅርታ።" በሩን በአክብሮት ዘጉት።

ወደ ውስጥ ሲመለሱ ሉሊት የሳምንቱን አዲስ ፖስታዎች እየሰቀለች ነበር፤ አውራ ጣቷ ቢጫ ሆኗል። ካፌው ሌላ ሥራ ይዞ መጥቷል፤ ናዲያ የሽሮ መለያ ጨምራለች፤ ማራናታ የምትባል የሕፃናት መዋያ ባለቤት በሠርጉ መጥሪያ ሰበብ አድራሻውን ሰምታ መጥታለች። የቢሮዋ ነገር ገና መነገር አለበት፤ ሰኞ ትነግራቸዋለች። ጋሽ ገሰሰ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው በዚያ እጅ ጽሑፋቸው የመጣበትን ቀን ከፊት፣ የሚወጣበትን ቀን ከክዳኑ ውስጥ ይጽፋሉ። የመጨረሻውን ፖስታ ጽፈው ሲጨርሱ ይዘውት ተነሡ፤ ሽቦውን ከግራ ወደ ቀኝ አዩ። ሁሉም ተይዟል። ነጯ ብቻ ባዶ ናት።

እጃቸው ወደ እሷ ሄደ። ሉሊት ከወንበሩ ላይ አየቻቸው።

ጋሽ ገሰሰ እጃቸውን መለሱና ከኪሳቸው አዲስ መቆንጠጫ አወጡ። ጠዋት ከሱቅ ገዝተዋት ኖሯል።

"ይቺኛዋን ጥቁር ቀቢልኝ" አሉ። "ያቺ የእንግዳ ናት።"